አምስት ካሜራ፣ ስድስት መስኮት

ይህ ታሪክ የደረሰው በእኔ በራሴ ላይ ነው።

ከሰው የሰማሁት አይደለም። "የጓደኛዬ ጓደኛ" ብዬም አልጀምርም። ማመን የሚከብደው ሰው እዚህ ላይ ማቆም ይችላል፤ አልለምነውም። ለልመና የሚሆን አቅምም የለኝም። በጣም ደክሞኛል።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አላላዘነም።

ዕለቱ ረቡዕ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ቦታው የመሥሪያ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የስብሰባ ክፍል። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተንጋላለች። ኮሪደሩ ላይ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ያጉረመርማል...

ሰው የሚፈራበት ሰዓት አልነበረም ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ትምህርቴን አቋርጬ እህቴ ቤት በተቀመጥኩበት ዘመን፣ ሰዎች "አበቃለት" ብለው የጣሉትን ስልክና ላፕቶፕ እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ፣ አንዳንዱንም ጨርሶ እየገደልኩ ነው የተማርኩት። ሰርተፊኬት የለኝም። ሥራዬን ግን አውቃለሁ። ጉራ የሚመስለው ካለ ይምሰለው።

መሥሪያ ቤቱ የገባሁት በሦስት ወር ሙከራ ነው። እዚያ የሙከራ ሠራተኛ መታወቂያውን አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው በቢጫ ጥብጣብ ነው። ቋሚው በሰማያዊ። ቢጫ ያንጠለጠለ ሰው ወደ ሻይ ክፍል ሲገባ ወሬ ይቆማል፤ ሲወጣ ይቀጥላል። ሦስት ወር ሙሉ የሰው አንገት ሳይ ነው የከረምኩት።

እህቴ ማታ ማታ በር ስትከፍትልኝ፣ "እህስ፣ ቀለሙ አልተቀየረም?" ትለኛለች። እየሳቀች ነው የምትለኝ። እኔ ግን አልስቅም። ሰባት ዓመት ሶፋዋ ላይ የተኛሁት እኔ ነኛ።

ሙከራዬ የሚያልቀው አርብ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊያችን ቢሯቸው አስጠሩኝ። ኃላፊያችን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሴት ናቸው። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለአራቱ ቅርንጫፎቻችንና በሩቅ አገር ላሉ አጋሮቻችን በኢንተርኔት ገለጻ ሊያደርጉ ነው። ባለፈው ጊዜ ያደረጉት ገለጻ ጉድ ነበር አሉኝ። አንዱ ቅርንጫፍ ድምፅ ብቻ ሰማ። ሌላው ምስል ብቻ አየ። ሦስተኛው ደግሞ አርባ ደቂቃ ሙሉ የኃላፊያችንን ግንባር ሲመለከት ዋለ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንዱ ጋ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር፣ ሌላው ጋ አዲስ ላፕቶፕ፣ ሌላው ጋ ስልክ ብቻ ነው።

"ሁሉም ላይ እኩል የሚከፈት አንድ ፕሮግራም ምረጪልኝ" አሉኝ። "ሐሙስ ያለ እንከን ካለፈ፣ የዚያኑ ዕለት ደብዳቤሽን እፈርማለሁ።"

"ካላለፈስ?" ብዬ አልጠየቅኩም። መልሱ ከጎኔ ቆሞ ነበር።

መልሱን "ዲግሪው" ነው የምንለው። ከእኔ ጋር በአንድ ቀን የገባ፣ እንደኔው ቢጫ ያንጠለጠለ፣ ኢሜይሉ ሥር ስሙን ከነማዕረጉ በሦስት መስመር የሚጽፍ ሰው ነው። እኛ ሁለት ነን፤ ያለው ክፍት ቦታ አንድ ነው።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ፣ "በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ሁሉም ፕሮግራም አንድ ነው" አለኝ።

"በንድፈ ሐሳብ ደረጃ አንተም ሠራተኛ ነህ" አልኩት።

ሁለት ቀን ዓይኔን ሳልከድን አነበብኩ፣ አወረድኩ፣ ጫንኩ፣ ነቀልኩ። በመጨረሻ ሦስት ፕሮግራም ቀረኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእነሱ እንደሆነም አላውቅም። ለራሴ ያወጣሁላቸውን ስም ግን ልንገራችሁ። አንደኛው ጉረኛው ነው፤ ገና ሲከፈት "ይሄን እችላለሁ፣ ያንን እችላለሁ" እያለ ስክሪኑን ይሞላዋል። ሁለተኛው ምስኪኑ ነው፤ ቀላል ነው፣ ብዙ አይጠይቅም፣ ምስሉ ግን ጭጋግ ነው። ሦስተኛው ከወጣ ወር ስላልሞላው አዲሱ አልኩት።

እናም ረቡዕ ከምሳ በኋላ አምስት መሣሪያ ተሸክሜ የስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

አንድ ሽማግሌ ኮምፒውተር። የኃላፊያችን ቀጭን ላፕቶፕ። አንድ ታብሌት። አንድ አዲስ ስልክ። አንድ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ።

ጠረጴዛው ዙሪያ ደረደርኳቸው። የተሰነጠቀው አልቆም ስላለኝ መጻሕፍት ደራርቤ አስደገፍኩት። ላፕቶፑን ከግድግዳው ትልቅ ስክሪን ጋር አገናኘሁት፤ አምስቱ ካሜራ የሚያየውን ሁሉ እዚያ ላይ በአንዴ ለማየት።

አንድ ዘዴ አለኝ። መሃል እቆምና አንድ ጊዜ አጨበጭባለሁ። ከዚያ ስክሪኑን አያለሁ። በየመስኮቱ ያለችው እኔ፣ ኢንተርኔቱ እንደፈቀደላት ዘግይታ ታጨበጭባለች። አንዷ በግማሽ ሰከንድ፣ አንዷ በአንድ ሰከንድ። እመዘግባለሁ። በትንሹ የዘገየው ያሸንፋል። ማንም አላስተማረኝም፤ የራሴ ፈጠራ ነው።

መመዝገቢያ ወረቀት ስፈልግ የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፈትኩ።

ውስጡ አንድ የተጻፈበት ወረቀት ነበር። ከእኔ በፊት በዚህ ሥራ ላይ የነበረው ሰው ጽሑፍ ነው። እሱም ፕሮግራም ሲያወዳድር ነበር። ርዕሱን "ጭብጨባ፣ በሰከንድ" ብሎታል።

ትንሽ ከፋኝ። የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

በማስመሪያ ያሰመረው አምስት ዓምድ አለ፤ ለአምስት መሣሪያ። ከጎናቸው በእጅ፣ በተጣመመ መስመር የተጨመረ ስድስተኛ ዓምድ። የመሣሪያ ስም የለውም። ከሥሩ ሦስት ነገር ተጽፏል።

"ሲቀነስ 2።"

"ሲቀነስ 11።"

"ገና ነው።"

ብቻዬን ሳቅኩ። ሲቀነስ ማለት እኮ ምስሉ ሰውየውን ቀድሞት አጨበጨበ ማለት ነው። "ይሄም ዲግሪ ሳይኖረው አይቀርም" አልኩና ወረቀቱን ወደ ቦታው መለስኩት።

ጥግ ላይ ባለው የፋይል ቁም ሳጥን እጀታ ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ ተንጠልጥሏል። መታወቂያ የለውም፤ ጥብጣቡ ብቻ ነው። አንዱ ረስቶት ይሆናል።

አልዋሽም... ማንም እንደሌለ አይቼ ዳሰስኩት።

ከዚያ ጉረኛውን ከፈትኩ።

ስክሪኑ ላይ አምስት መስኮት፣ አምስት እኔ። ከአምስት አቅጣጫ የዓይኔ ሥር ጠቁሯል። ፀጉሬን በእርሳስ ጠቅልዬ ሰክቼዋለሁ፤ ማበጠሪያ ከያዝኩ ሦስት ቀኔ ነው።

አጨበጨብኩ።

አንደኛዋ አጨበጨበች። ሁለተኛዋ። ሦስተኛዋ... ሽማግሌው ኮምፒውተር እንደጠረጠርኩት ከሁሉም ኋላ።

ልጽፍ ጎንበስ ስል የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ያለችውን ቁጥር አየኋት። "ተሳታፊዎች፦ 6።"

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን በጣቴ ቆጠርኩ። አምስት።

ስክሪኑን ቆጠርኩ...

ስድስት።

ስድስተኛው መስኮት ከታች በስተቀኝ ነው። ስም የለውም። የሚያሳየው ይህንኑ ክፍል ነው። ጠረጴዛውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ የእኔን ጀርባ። ከላይ ወደ ታች... ከበሩ በላይ የተሰቀለ ካሜራ እንደሚያየው።

ዞርኩ።

ከበሩ በላይ ባዶ ግድግዳ ነው። አንድ የተነቀለ ሚስማር ቀዳዳ አለ። ወንበር ስቤ ወጣሁና ዳሰስኩት። ኖራ ጣቴ ላይ ቀረ። ሌላ ምንም የለም።

የስብሰባውን ሊንክ ያገኘ ሰው እያፌዘብኝ ነው አልኩ። ይህን የሚያደርግ አንድ ሰው ነው የማውቀው። ለዲግሪው ደወልኩለት።

"የት ነህ?"

"ባንክ ወረፋ ላይ። ምነው፣ ሊንክ መክፈት አቃተሽ?"

ከኋላው የወረፋ ቁጥር ሲጠራ ይሰማኛል። ዘጋሁበት።

ተመልሼ መሃል ቆምኩ። እጆቼን አነሣሁ...

የጭብጨባ ድምፅ ተሰማ።

ያጨበጨብኩት እኔ አይደለሁም። መዳፎቼ ገና ተለያይተው አየር ላይ ናቸው። በአምስቱም መስኮት ገና እጄን እያነሣሁ ነው። በስድስተኛው ግን አጨብጭቤ ጨርሻለሁ።

ደርቄ ቀረሁ። አላጨበጭብም። እልኸኛ ነኝ፤ አላጨበጭብም...

የተሰነጠቀው ስልክ ከመጻሕፍቱ ላይ ተንሸራተተ። ሳላስበው ተወርውሬ በሁለት መዳፌ መሃል ቀለብኩት።

ጷ።

ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

ስልኩን ደረቴ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። አምስቱ መስኮቶች እየተከታተሉ ስልክ ቀለቡ። ስድስተኛዋ ስልኩን መልሳ አስደግፋ ወደ መሳቢያው እያየች ነበር።

በሁለት ሰከንድ ነው የቀደመችኝ።

ሲቀነስ ሁለት።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ብዙ ነገር ያያል፤ አውቃለሁ። ለራሴም ያልኩት ይህንኑ ነው። ፊቴን ታጥቤ መጣሁ። ጉረኛውን ዘግቼ ምስኪኑን ከፈትኩ። አዲስ ስብሰባ፣ አዲስ የይለፍ ቃል። ሊንኩን ለማንም አልላክሁም።

"ተሳታፊዎች፦ 6።"

ጭጋግ ነው። ግን ይታያል። ጀርባዬ፣ ጠረጴዛው...

በስድስተኛው መስኮት፣ ከሥር፣ የሆነ ሰው ገባ። ከላይ ስለሚታይ የራስ ሻሹና የያዘው ባልዲ ብቻ ነው የሚለየው። ወደ እኔ ሄደና ከኋላዬ ቆመ።

ዞርኩ። በሩ ተዘግቷል። ማንም የለም።

በሹክሹክታ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ... ሁለት... ሦስት...

አሥራ አንድ ላይ በሩ ተከፈተ።

የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው። እኛ እትዬ ነው የምንላቸው። ባልዲያቸውን ይዘው ገቡና ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ስክሪኑን አላዩም። እጄን ነው ያዩት።

"ብቻሽን ነው እንዴ የምታጨበጭቢው፣ ልጄ?"

"ሥራ ነው፣ እትዬ።"

"እሱም 'ሥራ ነው' ነበር የሚለኝ።"

"ማን?"

በአገጫቸው ወደ መሳቢያው አመለከቱኝ። "ያ ዝምተኛው። ቋሚ ሆኖ ሳምንት እንኳን አልቆየም።"

"ለቀቀ አሉኝ እኮ።"

"አዎ፣ እንደሱ አሉ..." ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሲገባ አይቼዋለሁ። ሲወጣ ግን አላየሁትም። የዚያን ዕለት ደግሞ ደረጃውን ሳጥብ ነው የዋልኩት።"

ቁም ሳጥኑን አየት አድርገው፣ ያን ሰማያዊ ጥብጣብ ስንት ጊዜ አንሥተው የጠፋ ዕቃ ሳጥን ውስጥ እንደከተቱት፣ በማግሥቱ ግን እዚያው እጀታ ላይ እንደሚያገኙት ነገሩኝ። አሁን ትተውታል። ወለሉን ነገ አጥበዋለሁ ብለው ባልዲያቸውን ሳያስቀምጡ ወጡ።

ያኔ መውጣት ነበረብኝ። አብሬያቸው መውጣት ነበረብኝ።

ግን አንድ ፕሮግራም ይቀረኝ ነበር።

አዲሱን ከፈትኩት... ምን ልበላችሁ? እንደሱ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሽማግሌው ኮምፒውተር እንኳን እንደ ጎረምሳ ሮጠ። ምስሉ የተጣራ ነው። የተሰነጠቀው ስልክ ላይ ሳይቀር ከንፈርና ድምፅ አብረው ይሄዳሉ። ኃላፊያችን የፈለጉት ይህንኑ ነው። ማንም ባለሙያ ቢጠየቅ የሚመርጠው ይህንኑ ነው።

ስድስተኛው መስኮት ግን የእኔን ጀርባ አላሳየም።

ማለቴ... ጀርባዬ ነው። ግን የቆመ አይደለም።

ክፍሉ ያው ነው። ብርሃኑ የጠዋት ነው። ጠረጴዛው ተጠርጎ አንድ ላፕቶፕ ብቻ ቀርቷል። ጫፍ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ፀጉሯ በእርሳስ ተጠቅልሏል። አትንቀሳቀስም። ትከሻዋ ብቻ በድካም ከፍ ዝቅ ይላል።

ከአንገቷ ኋላ ጥብጣብ ይታያል።

ሰማያዊ።

አልዋሻችሁም። መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም። ደስታ ነው። ደብዳቤው ተፈርሟል! ቦታው የእኔ ነው! እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ስክሪን ፊት ቆሜ እንደ ሞኝ ፈገግ አልኩ።

ከዚያ አጨበጨብኩ። አምስቱ ተከተሉኝ። ስድስተኛዋ ዝም። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። አሥር ደቂቃ። አላጨበጨበችም።

ወረቀቴ ላይ ስድስተኛ ዓምድ በእጄ ጨመርኩ። ማስመሪያ አልያዝኩም ነበርና መስመሩ ተጣመመ። ሁለቱን ቁጥሮች ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ የምጽፈው ቁጥር ስላልነበረኝ "ገና ነው" ብዬ ጻፍኩ።

ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ ትዝ ያለኝ።

ኮሪደር ወጥቼ ለእህቴ ደወልኩላት። ያየሁትን ሁሉ በሹክሹክታ ነገርኳት። አላሾፈችብኝም፤ ይህ ራሱ አስፈራኝ። ሌላውን ፕሮግራም ምረጪ አለችኝ። ሌላው ጭጋግ ነው፣ ነገ ቢቆራረጥ ዲግሪው ቦታውን ይወስደዋል አልኳት።

"ይውሰደው።"

"ሌላ ሰባት ዓመት ሶፋሽ ላይ ልተኛ?"

ቀስ ብላ፣ "ሂጂልኝ ብዬሽ አላውቅም" አለችኝ።

"አውቃለሁ። እሱ ነው የሚከብደኝ።"

ያን ቀን ማምሻውን ለኃላፊያችን የጻፍኩት አንድ መስመር ነው። "አዲሱን መርጫለሁ።" ስለ ስድስተኛው አንድም ቃል አልጻፍኩም። ሰርተፊኬት የሌላት ልጅ "ጥላ አየሁ" ብላ ስትጽፍ ይታያችኋል? ዲግሪው በፍሬም አድርጎ ይሰቅለው ነበር።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።

ኃላፊያችን በጠረጴዛው ራስ፣ እኔ በጎናቸው፣ ዲግሪው በር አጠገብ እጁን አጣምሮ። እንዲቆራረጥ እየጸለየ እንደነበር ፊቱ ላይ ይነበባል። አራቱ ቅርንጫፎች ገቡ። አጋሮቹ ገቡ። አንዱ በስልክ፣ አንዱ በታብሌት፣ አንዱ ከመኪና ውስጥ። "ይሰማል?" የሚል ሰው አልነበረም፤ ለሁሉም ይሰማል። ኃላፊያችን አርባ አምስት ደቂቃ ሲናገሩ አንድ ቃል እንኳን አልተዋጠም።

የእኛን ክፍል ጨምሮ ዝርዝሬ ላይ ሠላሳ ተሳታፊ ነበር። ስክሪኑ "31" ይላል።

ማንም አልቆጠረም። ቁጥር የምቆጥረው እኔ ብቻ ነኝ።

መጨረሻው መስኮት ውስጥ ተቀምጣለች። ጀርባዋን ሰጥታ። ደብቂ የሚለውን ተጫንኩ፤ ተደበቀች። ትንሽ ቆይታ ተመለሰች። አስወጪ የሚለውን ተጫንኩ። ተመለሰች። ሦስተኛ ጊዜ አልሞከርኩም። እጄ ደከመ።

ገለጻው ሲያልቅ ኃላፊያችን ትከሻዬን ያዙኝ። "ይህን ሁሉ ያገናኘችን ይቺ ልጅ ናት" አሉ። "እስቲ እናጨብጭብላት።"

በሠላሳ መስኮት ሠላሳ ሰው አጨበጨበልኝ። አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ፣ እንደ ዝናብ። ዲግሪውም በሁለት ጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

ያኔ ነው የተንቀሳቀሰችው።

ቀስ ብላ ዞረች። ከወንበሯ ሳትነሣ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ ከበሩ በላይ ወዳለው ባዶ ግድግዳ... ወደ እኔ... ተመለከተች። የእኔው ፊት ነው። ከእኔ ይልቅ ደክሟል።

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ።

ከዚያ በላይ አላየሁም፤ ኃላፊያችን ሰማያዊውን ጥብጣብ በራሴ ላይ እያጠለቁልኝ ነበር። ዓይኔን ጋረደኝ። ጥብጣቡ ሲወርድ መስኮቱ ጠፍቷል፤ ስክሪኑም "30" ይላል።

ደክሟት ነው አልኩ። አንገቷን እያፍታታች ነው አልኩ። ሰው ማየት የማይፈልገውን ነገር ለመተርጎም ሰነፍ አይደለም።

ደብዳቤውን ፈረምኩ። መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ነበረበት። "የሥራ ቦታዎ፦ ሦስተኛ ፎቅ፣ የስብሰባ ክፍል።" ከዛሬ ጀምሮ ክፍሉ ያንቺ ነው፣ ፕሮግራሙን የምትቆጣጠሪው እዚያ ሆነሽ ነው አሉኝ። አመሰገንኩ።

ማታ እህቴ በር ስትከፍትልኝ አንገቴን አየችው። እቅፍ አደረገችኝ። ቶሎ አለቀቀችኝም።

ዛሬ አርብ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ይህን የምጽፍላችሁ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ከፊቴ አንድ ላፕቶፕ አለ። ፀጉሬን በእርሳስ ጠቅልዬዋለሁ። ወረቀቴን መሳቢያው ውስጥ ከእሱኛው ጎን አስቀምጬዋለሁ።

ለሰኞ ስብሰባ ልሞክር ብዬ አዲሱን ከፈትኩት። አንድ መሣሪያ፣ አንድ ካሜራ።

"ተሳታፊዎች፦ 2።"

በሁለተኛው መስኮት ክፍሉ ይታያል፤ ከበሩ በላይ። እኔ ግን የለሁበትም። የተቀመጥኩበት ወንበር ባዶ ነው። አንድ የማላውቀው ሰው ጠረጴዛው ዙሪያ ስልክና ኮምፒውተር እየደረደረ ነው። አንገቱ ላይ ቢጫ ጥብጣብ አለ።

መሳቢያውን ከፈተ። አንድ ወረቀት አወጣ። መስመሩ የተጣመመ፣ በእኔ እጅ የተጻፈ።

አነበበና... ሳቀ።

ያኔ ገባኝ። ትናንት ራሷን የነቀነቀችው ማን እንደነበረች፣ ለማን እንደነበረ። በወንበሬ ዞርኩ። አንገቴን ቀና አድርጌ ከበሩ በላይ ያለውን ባዶ ግድግዳ አየሁና ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ጥብጣቡን አትውሰጂው ለማለት ነበር።

ግን እሷን አውቃታለሁ። ደክሟት ነው ትላለች።

በሩ አልተቆለፈም። አይቼዋለሁ። እትዬ ደረጃው ላይ ናቸው፤ የባልዲያቸው ድምፅ ይሰማኛል። ተነሥቼ መውጣት እችላለሁ። የያዘኝ ነገር የለም፣ ከድካም በስተቀር። ትንሽ ልረፍና እነሣለሁ።

ስክሪኑ ላይ ሰውየው ወረቀቱን ወደ መሳቢያው መለሰው። መሃል ላይ ቆመ። ሊያጨበጭብ መዳፎቹን ከፈተ።

ከኋላው ቁም ሳጥኑ ይታያል። እጀታው ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ ተንጠልጥሏል።

ሁለት ነው።

እጄን ወደ አንገቴ ሰደድኩ። ዳሰስኩት... አለ።

ገና ነው።